ስልካችሁን ማን ያነብላችኋል?

በመካነ ኢየሱስ ገበያ ስለ ስልክ የሚባለው ብዙ ነው። አንዱ «ልጆቹን ሥራ አስፈታቸው፤ ቀኑን ሙሉ ዘፈን ነው» ይላል። ሌላው «ኧረ እሱ ባይኖር የጤፉን ዋጋ በምን እንሰማ ነበር?» ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው። እኛ ግን አንድ ነገር እንጨምር።

ዘፈን ለመስማት ፊደል አያስፈልግም። ገንዘብን ለመጠበቅ ግን ያስፈልጋል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። በእሱ ገንዘብ በስልክ ይላካል። ከተማ ያለ ልጅ ለእናቱ 500 ብር ቢልክ፣ በስልኳ መልእክት ይመጣል። መልእክቱ ስንት ብር እንደ ገባ ይናገራል። እናት ማንበብ ካልቻለች ስልኳን ለሰው ትሰጣለች። ብሩን ለማውጣት ምስጢር ቁጥሯንም ትነግራለች። ይህ የጎተራን ቁልፍ ለሰው እንደ መስጠት ነው። ሰውየው ታማኝ ከሆነ ደግ፤ ካልሆነስ?

የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ1971 ዓ.ም. ሲጀመር፣ ብዙ ሰው ደብዳቤውን በሌላ ሰው ያስነብብ ነበር። ያኔ ደብዳቤ አንባቢው የቤትን ምስጢር ያውቅ ነበር። ዛሬ ስልክ አንባቢው የቤትን ገንዘብ ይይዛል።

ስለዚህ መልእክት ሲመጣ ቀስ ብላችሁ ራሳችሁ አንብቡ። የብሩን ቁጥር ሁለት ጊዜ እዩ። ምስጢር ቁጥራችሁን ለማንም አትንገሩ፤ «ከቴሌ ነው የምደውለው» ለሚልም ቢሆን አትንገሩ። ከዚያ ዘፈኑንም ስሙ፤ ማን ይከለክላችኋል?