«ጥያቄ የለኝም፤ አስተያየት ነው እንጂ»

የደራስያን የንባብ ምሽት በየከተማው እየበረከተ መሄዱ ማንንም ደስ ሊያሰኝ የሚገባው ነገር ነው። እኛም ከዩኒቨርሲቲ ከወጣን ጀምሮ፥ ከቢሮ ስንወጣ በቀጥታ ወደ ቤታችን ከመግባት ይልቅ፥ በነፃ የሚገባበት ንባብ ባለበት ሁሉ መገኘትን ልማድ አድርገነዋል። (በነፃ መሆኑን መጥቀሳችን፤ የጀማሪ ሠራተኛ ደመወዝ ምን ያህል እንደ ሆነ አንባቢያችን ስለሚያውቅ ነው።) ነገር ግን ከደራሲው ይልቅ ሰሚውን የመመልከት ክፉ ዐመል ስላለብን፥ ያየነውን ሳንናገር ብንቀር ኅሊናችን ይወቅሰናል።

በመጀመሪያ መጽሐፍ ተሸካሚው አለ። ይህ ወዳጃችን የዶስቶየቭስኪን ወፍራም መጽሐፍ ሽፋኑን ወደ ውጭ አድርጎ በብብቱ ይዞ ይመጣል። ለምልክት በመካከሉ የሰካት የአውቶቡስ ቲኬት ግን ዓምና ከነበረችበት ገጽ ንቅንቅ አላለችም። በፊተኛው ረድፍ ይቀመጥና፤ ደራሲው አንድ ዐረፍተ ነገር በጨረሰ ቁጥር ዐይኑን ጨፍኖ ራሱን በዝግታ ይነቀንቃል። አንድ ምሽት ደራሲው መነጽሩን ቤቱ ረስቶ በመምጣቱ ታዳሚውን ይቅርታ ሲጠይቅ እንኳ፥ ይኸው ሰው ዐይኑን ጨፍኖ በረዥሙ «እህ!» ሲል ሰምተነዋል።

ከእርሱ የሚብሰው ደግሞ የጥያቄ ሰዓት ሲደርስ ድምፅ ማጉያውን የሚጨብጠው ነው። «ጥያቄ የለኝም፤ አስተያየት ነው እንጂ» ብሎ ይጀምራል። ልምድ ያለው ታዳሚ ይህን የሰማ እንደ ሆነ ወዲያው ካፖርቱን መፈለግ ይጀምራል። አስተያየቱ ከሶቅራጥስ ይነሣል፤ በኒቼ በኩል ያልፋል፤ ከሳርትር ዘንድ ጥቂት ያርፍና፤ በመጨረሻ ተናጋሪው ራሱ ሊያሳትመው ካሰበው የግጥም መድበል ላይ ይደርሳል። ስለ ቀረበው መጽሐፍ የሚናገረው ቢኖር «ገና አላነበብሁትም፤ ይሁን እንጂ» የምትለው ቃል ብቻ ናት። በመካከሉ «ፖስትሞደርኒዝም» የሚል ቃል ጣል ካደረገ፥ አጠገቡ ያለው ሰው ላለመበለጥ ሲል «ዲኮንስትራክሽን» ብሎ ይመልስለታል። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ሰዎች እርስ በርሳቸው ሲጨባበጡ፥ ደራሲው ውኃውን ይጠጣል።

ደራሲውም ቢሆን ከነቀፌታ ነፃ አይደለም። እንግሊዛዊው ቻርልስ ዲከንስ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1858 ዓ.ም. ጀምሮ መጻሕፍቱን በክፍያ ለሕዝብ ሲያነብ፥ የት ላይ ድምፁን እንደሚለውጥ፥ የት ላይ እጁን እንደሚያነሣ በመጽሐፉ ኅዳግ ላይ ምልክት እየጻፈ አስቀድሞ ይለማመድ ነበር። በ1867 ወደ አሜሪካ በተሻገረ ጊዜ ሰው ቲኬት ለመግዛት በብርድ ሌሊቱን ተሰልፎ ማደሩ ስለዚህ ነው። የእኛው ሰው ግን አንገቱ ላይ ሻርፕ ጠምጥሞ፥ ራሱን ደፍቶ ለጠረጴዛው ያነብለታል። «ይህ ምን ማለት ነው?» ተብሎ የተጠየቀ እንደ ሆነ «እርሱን ለአንባቢ ትቼዋለሁ» ይላል። አንዳንዴ እርሱም መልሱን ከአንባቢ እየጠበቀ ይሆን እንዴ ብለን እንጠራጠራለን።

እኛስ? እኛም አለንበት። አንድ ጊዜ አንድን ግጥም «የህልውና ጭንቀት ጎልቶ ይታይበታል» ብለን በሞላ ሸንጎ አመሰገንን። ገጣሚው በትሕትና እጅ ነሥቶ፥ ግጥሙ ስለ ቤት ኪራይ መሆኑን ነገረን። (በእርግጥ የቤት ኪራይ ከህልውና ጭንቀት ያን ያህል የራቀ ነገር አይደለም።)

ነገሩ በሣቅ ብቻ የሚያበቃ ቢሆን ኖሮ ብዕር ባላነሣን ነበር። ከጥቂት ወራት በፊት የወግዲ ተወላጅ የሆነ አንድ የሥራ ባልደረባችንን ጋብዘን ወደ እንዲህ ያለው ምሽት ይዘነው ሄድን። ልጁ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንገቱን አስግጎ አዳመጠና እጁን አወጣ፤ «ሴትዮዋ በመጨረሻ ለምን ተመለሰች? እኔ አልገባኝም» ብሎ ጠየቀ። አዳራሹ ጥቂት ዝም አለ። ከዚያም ከፊተኛው ረድፍ ሣቅ ተነሣ። መድረክ መሪው «ወደ ጥልቅ ጥያቄዎች እንለፍ» አለ። ባልደረባችን ከዚያ ወዲህ ስንጋብዘው «እርሱ እንኳ ለእናንተ ነው» እያለ ይመልሰናል። ከሣቁትም መካከል እኛ ነበርንበት። መጽሐፉን አንብበነዋል፤ ሴትዮዋ ለምን እንደ ተመለሰች ግን እስከ ዛሬ አናውቅም።

ወግዲ በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ዳር፥ ከመካነ ሰላም ወዲያ ያለ አገር ነው። ዐባይን የተሻገረ ሰው ጎጃም ገባ። ከማዶ የዋሸራና የጎንጅ፥ ከወደ ሰሜን የዋድላ የቅኔ ቤቶች አሉ። በዚያ አካባቢ ያደገ ሰው ማዳመጥን ከእኛ አይማርም። በቅኔ ቤትም ቢሆን አስመሳይ ጠፍቶ አያውቅም፤ ሳይገባው ከሰው ጋር «ይበል!» የሚል ሞልቷል። ነገር ግን መምህሩ ድንገት ዞረው «እስቲ ሰሙን ከወርቁ ለይልን» ያሉት እንደ ሆነ ማምለጫ የለውም። አልገባኝም ያለው ተማሪ ይነገረዋል፤ ይበል ያለው ያፍራል። በአዳራሾቻችን የሚሆነው የዚህ ግልባጭ ነው።

ባልደረባችን እንዳጫወተን፥ አባቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በዐይናቸው አላዩትም። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን ይህን የሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፍ የሚያውቁት፥ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ጎረቤት ተሰብስበው ሰምተው ነው። ታሪኩ የማዶ ጎረቤታቸው የጎጃም ታሪክ ነውና፥ ጉዱ ካሣ የተናገረው ያልገባው ሰው ቡና እየጠጣ «ምን ማለቱ ነው?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። የገባውም ይመልስለታል፤ ሁለቱም ካልገባቸው እስከ በረካው ድረስ ይከራከሩበታል። ዐይኑን የሚጨፍን ቢኖር እንቅልፍ የመጣበት ብቻ ነው።

ያው ደራሲ በሚመጣው ወር እንደ ገና ያነባል ተብሎ ማስታወቂያ ተለጥፏል። ባልደረባችንን ለመንነው። እመጣለሁ ያለን በአንድ ውል ነው፤ ይኸውም የጥያቄው ሰዓት ሲደርስ እኛ አስቀድመን እጃችንን አውጥተን፥ ሴትዮዋ ለምን እንደ ተመለሰች የጠየቅን እንደ ሆነ ነው።