የባንክ ቤት አንድ ዓመት ምን አስተማረን?

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይላል ያገራችን ሰው። አባባሉ የተነገረው ለቤተ ክህነት ተማሪ ቢሆንም፣ ጥቁር ካባ ለብሰን ለመመረቅ ለምንሰለፈው ለእኛም ይሠራል። ጥያቄው ግን መማር የምንለው ምኑን ነው የሚል ነው። ደብተር መገልበጥ ብቻ ነው ወይስ የተማርነውን ይዘን ሕዝቡ መካከል ገብተን መፈተን? ማኅበራችን በዚህ እትም ይህን ጥያቄ ለጓደኞቻችንም ለመምህሮቻችንም ማቅረብ የፈለገው ያለ ምክንያት አይደለም።

ባለፈው ዓመት የዚህ ርዕሰ አንቀጽ ጸሐፊ ትምህርቱን ለአንድ ዓመት አቆይቶ፣ በኮልፌ ቀራንዮ በሚገኝ አንድ የባንክ ቅርንጫፍ ለሥራ ልምምድ ተመድቦ ነበር። የባንኩን ስም አንጠራም፤ ጉድለቱ የአንድ መሥሪያ ቤት ሳይሆን የአሠራር ነውና። ርዕሰ አንቀጽ በ«እኛ» መጻፉ የተለመደ ቢሆንም፣ የደረሰውን ለመንገር ያህል ጥቂት «እኔ» ብንል አንባቢ ይፍቀድልን።

ከሁሉ አስቀድሞ ነገሩ አዲስ አለመሆኑን እናስታውስ። በዘመኑ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ይባል የነበረው ዩኒቨርሲቲ በ1957 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የሚባለውን ደንብ ሥራ ላይ አዋለ። ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ሙሉ አገሩን እንዲያገለግል የሚያስገድድ ደንብ ነበር። አብዛኞቹ በየጠቅላይ ግዛቱ በአስተማሪነት ሲመደቡ፣ አንዳንዶቹ ደግሞ እንደየትምህርታቸው በመሥሪያ ቤትና በፍርድ ቤት ሠርተዋል። ብዙዎቹ ከከተማቸው ወጥተው ገበሬውን በቅርብ ያዩት ያን ጊዜ ነው። ሲመለሱም የሄዱትን ሰዎች ሆነው አልተመለሱም። ያ ደንብ ዛሬ የለም፤ «የሥራ ልምምድ» የምንለው የእሱ የልጅ ልጅ ነው ብንል ግን ስሕተት አይሆንም።

የባንክ ሥራም ቢሆን በአገራችን የተለመደው በማየትና በመሥራት ነው። የአቢሲንያ ባንክ በየካቲት 1898 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ ፊት ሲከፈት፣ አመራሩ በግብፅ ብሔራዊ ባንክ እጅ ነበር። በ1935 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክም የመጀመሪያዎቹ ገዥዎች የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። በ1956 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክና ንግድ ባንክ ሲለያዩ ግን ብሔራዊ ባንክን የመሩት ኢትዮጵያዊው አቶ ምናሴ ለማ ናቸው። እንዲህ ያለ ሰው በአንድ ቀን አይፈጠርም። ዛሬ ደግሞ ምክር ቤቱ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ባጸደቀው አዋጅ የውጭ ባንኮች ወደ አገራችን እንዲገቡ ተፈቅዷል። እነሱ ሲመጡ በራችን ላይ የሚያገኙት ዲግሪ የያዘ ሰው ነው ወይስ ሥራ የሚያውቅ ሰው?

አሁን ወደ ኮልፌ እንመለስ። ከአያት የሚነሣው ቀላል ባቡር ጦር ኃይሎች ላይ ሲያበቃ፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን መንገድ የታክሲ ረዳቶች ይቀበሉታል። «ዓለም ባንክ! ዓለም ባንክ!» እያሉ ይጮኻሉ። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው በዓለም ባንክ የገንዘብ ድጋፍ ከተሠሩ ቤቶች ነው። በባንክ ስም የተጠራ ሰፈር ባለበት ክፍለ ከተማ ውስጥ፣ ባንክ ገብቶ መበደር ለስንቱ ነዋሪ የሰማይ ያህል የራቀ መሆኑን እዚያ ሄጄ ነው የተረዳሁት።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ያሳለፍኩት በፋይል ክፍል ነው። ማኅተም መታሁ፣ አሮጌ ቲኬት በቀን በቀኑ አሰርኩ፣ ሻይ እንዲመጣ ላኩ። ከእኔ ጋር የተመደበው ጓደኛዬ በሁለተኛው ወር ጠዋት ፈርሞ መጥፋት ለመደ። እውነቱን ለመናገር የጠየቀውም የለም። እኔም ለመቅረት ያሰብኩባቸው ቀኖች ነበሩ።

በአራተኛው ወር ግን ከአንዲት ገንዘብ ከፋይ ጎን ተቀመጥኩ። ትምህርቱ የተጀመረው ያን ጊዜ ነው። ካዝናው ጠዋት የሚከፈተው በሁለት ሰው እጅ ባሉ ሁለት ቁልፎች ነው፤ አንዱ ብቻውን ቢመጣ በሩ አይከፈትም። መጽሐፋችን ይህን በአንድ መስመር አልፎታል። የነገሩን ክብደት ያየሁት ግን የአንደኛው ቁልፍ ባለቤት በታክሲ ወረፋ ዘግይቶ፣ መላው ቅርንጫፍ ደንበኛ አስቁሞ ሲጠብቀው ነው።

አንድ ቀን ማታ ሒሳብ ሲዘጋ 9,000 ብር ጎደለ። በቅርንጫፉ ደንብ የጎደለውን የሚተካው ገንዘብ ከፋዩ ነው። ልጅቷ አላለቀሰችም፤ ዝም ብላ ገንዘቡን ሦስት ጊዜ ደጋግማ ቆጠረች። በዚያን ጊዜ የአንደኛ ዓመት የሒሳብ አያያዝ መምህራችን በክፍል ያሉት ትዝ አለኝ፤ ልዩነቱ ለ9 ያለ ትርፍ የሚካፈል ከሆነ፣ ሁለት አኃዞች ቦታ ተለዋውጠው እንደሆነ ተመልከቱ ብለው ነበር። ቲኬቶቹን አንድ በአንድ ገለጥን። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ተገኘ። አንድ ደንበኛ 45,000 ብር ሲያስገባ፣ በሲስተሙ 54,000 ተብሎ ተመዝግቧል። ልጅቷ ወንበሯን ይዛ ቁጭ አለች። እኔም ያን ምሽት ትምህርት ቤትና ሥራ የተለያዩ ዓለማት አለመሆናቸውን ተረዳሁ። የሚያገናኛቸው ሰው ጠፍቶ ነው እንጂ።

ይህን ካየሁ በኋላ በመጋቢት 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሆነውን ነገር በሌላ ዓይን አየሁት። በአንድ ሌሊት ሲስተሙ ተሳስቶ፣ በሒሳባቸው የሌለውን ገንዘብ ካወጡት ሰዎች ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። በየዶርሚተሪው እንደ ቀልድና እንደ ጀግንነት ተወርቷል። አብዛኛው ገንዘብ ቢመለስም፣ ነገሩ ለስማችን ጠባሳ ሆኗል። አንድ ማታ ከአንዲት ገንዘብ ከፋይ ጋር የጎደለ ብር የፈለገ ተማሪ ግን ያን ሌሊት እጁን ወደ ማሽኑ ለመስደድ ሁለት ጊዜ ያስብ ነበር። ሥነ ምግባር የሚባለውን ትምህርት ከክፍል ይልቅ በመስኮት ጀርባ ማስተማር ይቀላል የምንለው ለዚህ ነው።

ሁለተኛውን ትምህርት የሰጡኝ በአጠና ተራ አጠናና ቀርከሃ የሚሸጡ አንዲት እናት ናቸው። አንድ መኪና አጠና ለማስጫን ብድር ፈልገው መጡ። የብድር ክፍሉ ሠራተኛ በትሕትና አስተናገዳቸው፣ የቤት ካርታ ጠየቃቸው፣ ካርታ የለኝም ሲሉም ወረቀቱን ዘጋው። ሲወጡ እኔ ዘንድ ቆም ብለው፦

«ልጄ፣ እቁባችን ውስጥ ስንት ዓመቴ መሰለህ? አንድ ቀን ሳላጎድል ጥያለሁ። ዕጣው ሲደርሰኝ ዋስ ጥሪ እባላለሁ፤ ጠርቼ ገንዘቤን እወስዳለሁ። ካርታ ያለኝ ያንድ ሰው አላየሁም» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። እቁቡ ሰውን በሰው ያምናል፤ ዳኛው ከፋዩን ያውቃል፣ ዋሱም ከፋዩን ያውቃል። ባንኩ የሚያውቀው ቤቱን ነው። በክፍል የተማርነው ግን ሌላ ነገር ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147 ተንቀሳቃሽ ንብረት፣ ሸቀጥን ጨምሮ፣ በዋስትና እንዲያዝ ፈቅዷል። ይህን ለብድር ሠራተኛው ብጠይቀው፣ «አዋጁ አለ፤ እኛ ጋ ግን ሠርተነው አናውቅም» አለኝ። አልዋሸም። አዋጁን የሚያውቀው ተማሪ ሥራውን አያውቅም፤ ሥራውን የሚያውቀው ሠራተኛ አዋጁን ለመሞከር ይፈራል፤ በሁለቱ መካከል አጠና ነጋዴዋ ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ። «ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ» ይባላል፤ ገንዘብ ለሌለው ግን በምድርም መንገዱ ጠባብ ነው። የዓመቱ ሪፖርቴ ዋና ጉዳይ ይህ ሆነ። የአጠና ንግድ የዕቃ ክምችት እንዴት ሊመዘገብና ሊገመት እንደሚችል፣ የእቁብ መዝገብም ስለ ተበዳሪው ጠባይ ምን ሊመሰክር እንደሚችል በ40 ገጽ ጻፍኩ።

ሪፖርቱ ምን ሆነ? እነሆ ዋናው ቅሬታችን። በዓመቱ ውስጥ ከትምህርት ክፍሉ አንድ መምህር አንድ ጊዜ ብቻ መጡ። ቆመው ቅጹን አስፈረሙ፣ «ጎበዝ፣ በርታ» ብለው ሄዱ። ሪፖርቱ ከነውጤቱ ሲመለስልኝ «እጅግ በጣም ጥሩ» ተጽፎበታል፤ ውስጡ ግን የአንባቢ እጅ ያረፈበት አይመስልም። አንድም መስመር አልተሰመረበት፣ አንድም ጥያቄ አልተጻፈበት። ፈርሞ የጠፋው ጓደኛዬም ያገኘው ያንኑ «እጅግ በጣም ጥሩ» ነው። ዝቅተኛ ውጤት ቢሰጠኝና ስሕተቴን ቢያሳየኝ በወደድኩ።

እዚህ ላይ «እኔ» ማለታችንን አቁመን ወደ «እኛ» እንመለስ። መምህሮቻችንን ለመውቀስ ብቻ አልተነሣንም። የሚያስተምሩት ተማሪ ብዛት፣ የትራንስፖርት አበል አለመኖሩ፣ ከመርካቶ እስከ አየር ጤና ያለው የመንገድ መጨናነቅ አይጠፋንም። ባንኮችም «ተማሪን ከገንዘብ ጋር እንዴት እናስቀምጥ?» ቢሉ አይፈረድባቸውም። ነገር ግን ሁለት ቁልፍ የተሠራው፣ ማንም ሰው ብቻውን ታማኝ እንዲሆን ሳይገደድ ሥራ እንዲሠራ አይደለምን? ተማሪውም በዚያ ሥርዓት ውስጥ ሊገባ ይችላል። ራሳችንንም አንምር። ፈርሞ የሚጠፋ ተማሪ ከኋላው የሚመጣውን ተማሪ በር ይዘጋል፤ ባንኩ ሌላ ጊዜ «ተማሪ ምን ይሠራልናል?» ቢል ምክንያቱን የሰጠነው እኛው ነን። «ሥራ ለሠሪው እሾህ ላጣሪው» የሚለው ተረት ለዚህ በቂ ነው።

ስለዚህ ማኅበራችን የሚከተለውን ለትምህርት ክፍሎችና ለዩኒቨርሲቲው አስተዳደር ያቀርባል፦

1ኛ፦ ተማሪ ለልምምድ ሲላክ የሚሠራቸው ክፍሎች በጽሑፍ ይወሰኑ። በባንክ ቢሆን ከፋይል ክፍል ወደ መስኮት፣ ከመስኮት ወደ ሐዋላ፣ ከሐዋላ ወደ ብድር በየተራ ይዘዋወር።

2ኛ፦ በመሥሪያ ቤቱ በኩል ኀላፊነት የሚወስድ አንድ ሰው በስም ይታወቅ፤ ውጤት የሚሰጠውም ሥራውን ያየ ሰው ይሁን።

3ኛ፦ መምህሩ በየሦስት ወሩ ቢያንስ አንድ ጊዜ እንዲጎበኝ ጊዜና የመጓጓዣ ገንዘብ ይመደብለት። ለተማሪውም የታክሲና የምሳ አበል ይታሰብለት፤ በባዶ ሆድ የሚሠራ ሰው ብር ሲቆጥር ቢሳሳት አይደንቅም።

4ኛ፦ ሪፖርቱ በተማሪዎችና በመምህራን ፊት ይቀርብ፣ ይተች፣ ይከራከሩበት። ከዚያ በኋላ ቅጂው ለመሥሪያ ቤቱ ይላክ፤ በቤተ መጻሕፍታችንም ይቀመጥ።

የመጨረሻው ጥያቄያችን ምንም ገንዘብ አይጠይቅም፤ ማንበብ ብቻ ነው የሚጠይቀው። በየዓመቱ ከየመሥሪያ ቤቱ የሚመጡት ሪፖርቶች ቢነበቡ፣ ስለ ኮልፌ ነጋዴ፣ ስለ መርካቶ ሸማኔና ስለ ክፍለ አገር ገበሬ የሚያስተምረን መጽሐፍ ከውጭ እስኪመጣ ባልጠበቅን ነበር። እኛው በጻፍነው ነበር።

ውድ ጓደኞቻችን፣ በዚህ ዓመት ለልምምድ የምትሄዱ ሁሉ የፋይል ክፍል ቢሰጣችሁም አትጥፉ፤ ጠይቁ፣ ጻፉ። ስትመለሱም የጻፋችሁትን ይዛችሁ ወደ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ኑ። በዚህ ጋዜጣ ላይ በየተራ እናወጣዋለን፣ በስብሰባችንም እንወያይበታለን። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ነውና፣ አንዱ ሪፖርት ብቻውን ቢናቅ አሥሩ አብረው ሲመጡ የሚያነብ አይጠፋም። አጠና ነጋዴዋ እናትም ምናልባት ከእነዚያ ሪፖርቶች ካንዱ ውስጥ መልሳቸውን ያገኙ ይሆናል። እስካሁን ግን መልስ አላገኙም፤ ባለፈው ቅዳሜ በአጠና ተራ ሳልፍ አየኋቸው፤ አሁንም እቁባቸውን እየጣሉ ነው።