እብጠቱን ለወጌሻ ከመስጠት በፊት

እኛ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ብሎክ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ አንዲት እናት አሉ፤ ሁላችንም እማማ ነው የምንላቸው። የጡት ካንሰር ቀዶ ሕክምና ካደረጉ ዓመት አልፏቸዋል። ሰሞኑን ቀኝ እጃቸው አብጦ ቀለበታቸው አልወልቅ አለ። ልጃቸው ወጌሻ ይምጣላቸው ትላለች፤ ጎረቤት ደግሞ በስልኳ ያየችውን የ“ሊምፍ ማሳጅ” ማስታወቂያ ታሳያቸዋለች። እኔ መጀመሪያ ሐኪማቸው ዘንድ ይሂዱ ባይ ነኝ።

ሊምፍ ከደም ሥር ወጥቶ በሥጋችን መሃል የሚቀር ቀጭን ፈሳሽ ነው። በራሱ ቱቦዎች ሄዶ፣ በብብት፣ በብሽሽትና በአንገት ባሉት ንፍፊቶች ተጣርቶ ወደ ደም ይመለሳል። የብብት ንፍፊቶች በቀዶ ሕክምና ሲወጡ ወይም ጨረር ሲነካቸው መንገዱ ይጠባል። እብጠቱ ከወራት፣ አንዳንዴም ከዓመታት በኋላ ይመጣል። ካንሰሩ ተመልሶ መንገዱን ዘግቶም ሊሆን ስለሚችል ነው ሐኪም ይቅደም የምለው።

ማሳጁን በ1930ዎቹ ፈረንሳይ ውስጥ ይሠሩ የነበሩት ዴንማርካዊው ኤሚል ቮደርና ባለቤቱ ኤስትሪድ ያዳበሩት ነው። የወጌሻን እጅ የለመደ ሰው “ይሄ ደግሞ ምን ማሸት ይባላል?” ማለቱ አይቀርም። ቱቦዎቹ ከቆዳ ሥር ስለሆኑ ባለሙያዋ ቆዳውን ብቻ በቀስታ ትገፋለች፤ አያምም። ካበጠውም ቦታ አትጀምርም። በክረምት የተደፈነ ቦይ የጠረገ ሰው ይገባዋል፦ መጀመሪያ የሚከፈተው የመውጫው ጫፍ ነው። ስለዚህ ከአንገትና ከጤነኛው ብብት ተነስታ፣ ወደ ክንድ ወርዳ፣ መዳፍ ጋ የምትደርሰው መጨረሻ ላይ ነው።

ዋናውን ሥራ የሚሠራው ግን በሥርዓት የሚጠመጠመው ፋሻ ወይም ጠበቅ ያለው እጅጌ ነው። ያለ እሱ ፈሳሹ ተመልሶ ይሞላል። የቆዳ ንጽሕናም ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። በባዶ እግር ቀይ አፈር ላይ ከመሄድ የሚመጣውን የእግር እብጠት በተመለከተ በምሥራቅ ጎጃም 696 ሕመምተኞች የተሳተፉበት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2018 ታትሟል። እግርን በሳሙና መታጠብ፣ ቅባት፣ እንቅስቃሴ፣ እግርን ከፍ ማድረግ፣ ካልሲና ጫማ ትኩሳት ያለበትን ግርሻት ቀንሰዋል። ማሳጅ አልነበረበትም።

እማማ ጀሪካን ተሸክመው ፎቅ መውጣታቸውን አሁን ትተዋል፤ የብሎኩ ልጆች ተረክበዋቸዋል።

ያበጠው ቦታ ከጋለ፣ ካመመ ወይም ትኩሳት ከመጣ ማሳጅ ክልክል ነው፤ ኢንፌክሽን ስለሚሆን በዚያው ቀን ሕክምና ይፈልጋል። በእኛ ቆዳ ላይ መቅላቱ ብዙም አይታይምና በእጃችሁ ጀርባ እየነካችሁ ከጤነኛው ጋር አስተያዩት። አንድ እግር በድንገት ካበጠም የረጋ ደም ሊሆን ይችላልና አታሹት። የልብ ድካም ያለበትም ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይሞክረው።

“መርዝ ያስወጣል” እየተባለ ለጤነኛ ሰው የሚሸጠውን በተመለከተ፣ እሱን ሥራ ጉበትና ኩላሊት በነጻ ይሠሩታል። ለታመመ ሰው ስትከፍሉ ግን ፊዚዮቴራፒስቷን በሊምፍ እብጠት ሠልጥና እንደሆነና ፋሻውን ራሷ እንደምትጠመጥም ጠይቋት።