ለአንድ ፍላንጅ ሙሉ ማርሚታ?

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባረጁ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ታገደ። ከዚህ በኋላ በእጅ ያለችውን አሮጌ መኪና ጠግኖ ማቆየት ለብዙው ሰው የግድ ሆኗል። የጥገናው ገበያ ግን ዛሬም “አውጥተህ ጣል፣ ሙሉውን ግዛ” ማለት ይቀናዋል። ለዚህ የጭስ ማውጫው ፍላንጅ ጥሩ ምሳሌ ነው።

ፍላንጅ የጭስ ማውጫ ቱቦዎች በሚገናኙበት ቦታ፣ በመካከል ጋስኬት ተደርጎ በብሎን የሚታሠር ጠፍጣፋ ብረት ነው። ቤንዚን ሲቃጠል ከጭሱ ጋር ውሃም ይፈጥራል። መኪናዋ በአጭር መንገድ ብቻ የምትመላለስ ከሆነ ቱቦው በደንብ ሳይግል ይቀርና እርጥበቱ ውስጡ ያድራል። ከሥር የክረምቱ ጭቃ ሲጨመርበት ፍላንጁ በዝገት ይበላል፤ ብሎኑም ከዳዶው ጋር ይጣበቃል። መኪናዋ መጮኽ ትጀምራለች። ባለቤቷ ቦሎ ሲደርስ ወደ ጋራዥ ይሮጣል። መልሱም ብዙ ጊዜ አጭር ነው፦ “ማርሚታው አልቋል፣ ይቀየር!”

እውን አልቋል? ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ አስቀድሞ ቱቦውን በመዶሻ ቀስ አድርጎ መታ መታ ማድረግ ነው። ጠንካራ ድምፅ ከሰጠና ፍላንጁን ደግፎ የሚይዘው የቱቦው ከንፈር ካልተበላ፣ የሚያስፈልገው ፍላንጅ ብቻ ነው። ከሁለት ግማሽ ተገጣጥሞ ቱቦውን አቅፎ የሚይዝ ፍላንጅ አለ፤ ብየዳ አያሻውም። የቱቦውን የውጭ ስፋትና በሁለቱ የብሎን ቀዳዳዎች መካከል ያለውን ርቀት ለክቶ መግዛት ነው። የዛገውን ብሎን ዘይት አጠጥቶ ማሳደር፣ እምቢ ካለ በብረት መጋዝ መቁረጥ፣ ከዚያም አዲስ ጋስኬትና አዲስ ብሎን አስገብቶ ሁለቱን ጎን እያፈራረቁ እኩል ማጥበቅ ነው። መፍቻ ያለውና እጁ መቆሸሹን የማይፈራ ሰው በግቢው የሚሠራው ሥራ ነው።

ሆኖም ቁጠባው ነፍስ ማስከፈል የለበትም። በክሪክ ብቻ በቆመች መኪና ሥር መግባት ሞትን መጥራት ነው፤ ጎማው በድንጋይ ይታገድ፣ መኪናዋ በጠንካራ የብረት ማቆሚያ ላይ ትረፍ፣ ቱቦውም ይቀዝቅዝ። ከተበላ ፍላንጅ የሚያፈተልከው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ወደ መኪናዋ ውስጥ ከገባ ሳያስጠነቅቅ ይገድላል። ስለዚህ ቱቦው ራሱ ከተበላ በላሜራና በሽቦ ማታለል አይገባም፤ ያን ጊዜ “ይቀየር” ያለው ባለሙያ ትክክል ነው። ብየዳ የሚጠይቅ ከሆነም ለበያጅ ይሰጥ፤ በነዳጅ መስመር አጠገብ በእሳት አይቀለድም።

ጥያቄያችን ለነጋዴውም ነው። የሶማሌ ተራ መደብሮች ፍላንጁን፣ ጋስኬቱንና ብሎኑን አንድ ላይ አድርገው፣ ልኩን ጽፈውበት ቢሸጡ ምን ይጎዳሉ? ዛሬ ፍላንጅ የገዛ ደንበኛ ነገ የፍሬን ሸራ ይፈልጋል፤ ተታለልኩ ያለ ደንበኛ ግን አይመለስም። ጋራዡም የፈታውን አሮጌ ዕቃ ለባለቤቱ ያሳይ።

“የተበላውን አሳየኝ” ማለት ነውር አይደለም። ገንዘቡ የእርስዎ ነው፤ ከመክፈልዎ በፊት ጎንበስ ብለው ይዩ።