ተራራውን ማን ጎተተው?

የቬነስን «ፎቶ» ሳታዩት አልቀራችሁም። ጥቁር ሰማይ፣ ከሥሩ እንደ ፍም የቀላ መሬት፣ መሐል ላይ ደግሞ ቀጥ ብሎ የወጣ ተራራ። እኔም አይቼዋለሁ። አይቼም አላበቃሁም፤ «እውነተኛው የአጥቢያ ኮከብ ገጽታ» ብዬ ቴሌግራም ላይ ለጥፌዋለሁ። ስለዚህ ዛሬ የምጣላው ከራሴም ጋር ነው።

ፎቶ አይደለም እኮ። ቬነስን የሸፈነው የአሲድ ደመና ከላይ ለሚያይ ተራ ካሜራ ፊት አይሰጥም። ከ1990 እስከ 1994 የዞረችው ማጀላን መንኩራኩር የራዳር ሞገድ እየላከች መልሱን ነበር የምትቀበለው። በምስሉ ላይ የደመቀው ቦታ በአብዛኛው ሸካራ መሬት ነው፤ የጨለመው ለስላሳ። መብራት በጠፋበት ቤት ግድግዳ እየዳበሱ በሩን መፈለግ በሉት። ዳሰሳ ነው፤ ዳሰሳ ደግሞ ቀለም የለውም።

ታዲያ ያ ብርቱካናማ ከየት መጣ? በ1982 ከወረዱት የሶቪየት መንኩራኩሮች፣ ከቬኔራ 13 እና 14። እነሱ እውነተኛ ካሜራ ነበራቸው። ቬኔራ 13 በ457 ዲግሪ ሙቀት ውስጥ፣ ለ32 ደቂቃ ተሠርታ 127 ደቂቃ ቆየች (ይቺን ጀግና ግን ማን ያጋራታል?)። ያነሳችው ብርቱካናማ ቀለም ራሱ የድንጋዩ አይደለም። ወፍራሙ አየር ሰማያዊውን ብርሃን ስለሚውጠው ነው፤ በነጭ ብርሃን ቢታይ ድንጋዩ ግራጫ ነው። የአየሩን ቀለም ወስደን መሬቱን ቀባንበት ማለት ነው።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን ቁመቱ ነው። ተራራው ማት ሞንስ ይባላል። በዚያ ታዋቂ ምስል ላይ ወደ ላይ 22.5 እጥፍ ተጎትቷል። እንጦጦ ከአራት ኪሎ በላይ ያለው ከፍታ በዚህ ልክ ቢጎተት ኤቨረስትን እጥፍ ሊያክል ምንም አይቀረው። ማት ደግሞ ማን መሰለቻችሁ? የጥንት ግብፆች የእውነት አምላክ! ምን ልበል።

«ካልተኳለ ማን ያየዋል?» የሚሉኝ አሉ። ይሄ ንቀት ነው። ናሳ እኮ 22.5 የሚለውን መግለጫው ላይ ጽፎታል፤ ቆርጠን የጣልነው እኛ አጋሪዎቹ ነን። ከዚያ ሌላው መጥቶ «ኮምፒውተር የፈጠረው ውሸት ነው» ሲል እንገረማለን። ለሱ እንጨቱን ያቀበልነው እኛው አይደለን?

ውሸት ላለመሆኑ ማስረጃ ከፈለጋችሁ፣ በ2023 ሁለት ተመራማሪዎች የማጀላንን የድሮ የራዳር ምስሎች አገላብጠው የየካቲትና የጥቅምት 1991ን አስተያዩ። እዚያው ማት ሞንስ አካባቢ ያለ አንድ የእሳተ ገሞራ አፍ ከ2.2 ወደ 4 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሰፍቶ አገኙት። ቬነስ በስምንት ወር ውስጥ ስትነቃነቅ ተይዛለች! ይህ ግኝት ከ30 ዓመት በላይ ተቀምጦ የቆየው በብርቱካናማው ተራራ ውስጥ አይደለም። ማንም ላይክ በማያደርገው ግራጫና ጥርት ባላለ ምስል ውስጥ ነው።

የለጠፍኩትን አጥፍቼ ግራጫውን ከነመግለጫው ለጠፍኩት። እስካሁን የመጣልኝ አስተያየት አንድ ነው፦ «ወንድሜ፣ ምስሉ አልከፈተልኝም መሰለኝ።»