የመከር መኪና መለዋወጫ አስቀድሞ ስለ ማዘጋጀት

በወገራና በደባርቅ ደጋ ስንዴውና ገብሱ በኅዳርና በታኅሣሥ ሲደርስ፥ አጭዶና ወቅቶ በአንድ ጊዜ የሚያወጣው ኮምባይነር በኪራይ ይመጣል። መኪናው ብዙ ጊዜ ያረጀ ነው፤ ማርጀቱ ነውር አይደለም፤ ነውሩ በመከር ሳምንት ያለ መለዋወጫ መገኘቱ ነው። ካህናት እንደሚያውቁት፥ በሚካኤል፥ በማርያምና በመድኃኔ ዓለም ቀን፥ በሰንበትም ገበሬው እርሻ አይወጣም። በዚህ ላይ መኪናው ለአንድ ቺንጋ ሦስት ቀን ቢቆም የቀረው የሥራ ቀን ጥቂት ነው፤ ያለ ወራቱ የሚወርድ ዝናብም የደረሰውን እህል ያበላሸዋል።

ኮምባይነር ከ1960ዎቹ ዓመታት ጀምሮ በብዛት የገባው ወደ አርሲና ወደ ባሌ በመሆኑ፥ ዕቃውም ባለሙያውም በይበልጥ የሚገኘው በዚያና በአዲስ አበባ ነው። ከጎንደር እስከ አዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ በተነሣው ግጭት ምክንያትም መንገዱ የተቋረጠበት ጊዜ አለ።

ዘንግ የመሰለውን የጎንደር ቶርኖ ቤት ይሠራዋል። ኩሽኔታም በቀለበቱ ላይ ቁጥር የተጻፈበት ስለ ሆነ፥ ቁጥሩ አንድ ከሆነ የሌላ ፋብሪካ ሥራም ቢሆን ይገጥማል። የሚያስቸግረው ቺንጋው ነው፤ ቶርኖ ቤት አይሠራውም፤ ሲላላም የመውቂያው ከበሮ ፍጥነቱን ያጣና ፍሬው ሳይወቃ ከገለባው ጋር ይወድቃል፤ ባለ እርሻውም ይህን ሳያይ ኪራዩን ይከፍላል።

ስለዚህ የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች የሚመጡትን መኪኖች ዓይነትና ቁጥር በሰኔ እንዲመዘግቡ፥ የጎንደር ነጋዴዎችና የኅብረት ሥራ ማኅበራትም ቺንጋና የማጨጃ ቢላዋ ከመስከረም በፊት በመጋዘን እንዲያኖሩ እናሳስባለን። የኪራይ ውል ሲፈረምም ባለ መኪናው ትርፍ ቺንጋ ይዞ እንዲመጣ በውሉ ይጻፍ።