የጠራ ድምፅና ፈጣን ንባብ

ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ምእመናን ሲጽፍ የመለከቱ ድምፅ ካልጠራ ወታደሩ ለምን እንደ ተጠራ እንደማያውቅ አስተምሯል። ይህ ምሳሌ ዛሬ በየቤታችን ለገባው ገመድ አልባ መገናኛ፣ ማለት ለዋይፋይ፣ በእጅጉ ይስማማል።

በአዋሽ ሰባት ኪሎ አንድ ክርስቲያን ቤተ ሰብ አለ፤ ልጃቸው በሰመራ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች። እናት ማታ ማታ ፊቷን እያዩ ሊያነጋግሯት ሲሞክሩ ሥዕሉ ይደርቃል፣ ድምፁም ይቆራረጣል። «ልጄ ሰልችቻት ትዘጋብኛለች» እያሉም ያዝኑ ነበር። አባት በበኩላቸው ጉድለቱ የክፍያው ማነስ መስሏቸው ከፍ ያለውን ፍጥነት ገዙ፤ ወጪው ጨመረ እንጂ በእናት መኝታ ክፍል አንዳች ለውጥ አልታየም። ልጅቱ ለዕረፍት መጥታ ብትመረምር፣ የዋይፋዩ ሣጥን አቧራ እንዳይነካው ተብሎ በብረት ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከውሃ በርሜል አጠገብ ተዘግቶበት አገኘችው።

ነገሩን ፊደል የቆጠረ ሰው በቀላሉ ያስተውለዋል። የኔታ ጀማሪውን ልጅ በግዕዝ ንባብ ቀስ አድርገው ያስጀምሩታል፤ ሲጠነክር ወደ ውርድ ንባብ፣ በመጨረሻም ወደ ቁም ንባብ ያሻግሩታል። ዋይፋይም እንዲሁ ነው። ምልክቱ ሲበረታና ጫጫታው ሲያንስ በአንድ የሞገድ ምት 6፣ በአዳዲሶቹ ዕቃዎችም 8 ወይም 10 ቢት ያሸክማል፤ ምልክቱ ሲደክም ግን ተቀባዩ እንዳይሳሳት እስከ 1 ቢት ድረስ ሸክሙን ያቀልላል። ተበላሽቶ የደረሰውንም እንደ ገና ይልካል። በ1995 ዓ.ም. የጸደቀው 802.11ጂ የተባለው ደንብ 54፣ 48፣ 36፣ 24፣ 18፣ 12፣ 9 እና 6 ሜጋ ቢት በሴኮንድ የሚሉ 8 ደረጃዎች ነበሩት። ዛሬ ቁጥሩ እጅግ ቢበልጥም ሕጉ ያው ነው።

የምልክቱ ኃይል በዴሲቤል ይለካል። ከዜሮ በታች 50 ሲሆን መልካም ነው፤ ከዜሮ በታች 80 ሲሆን ደካማ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 1 ሺህ እጥፍ ነው።

በምንጣፍ የሚሸፈነውን የአፋር ቤት ሞገዱ ያለ ችግር ያልፈዋል። ቆርቆሮና ብረት ግን መስታወት ብርሃንን እንደሚመልስ ይመልሱታል፤ ውሃ ይውጠዋል፤ የብሎኬት ግድግዳም ያደክመዋል። ከሁለቱ የተለመዱ ሞገዶች 2.4 ጊጋኸርዝ ግድግዳን በተሻለ ያልፋል፤ 5 ጊጋኸርዝ በቅርብ ሲሆን ይፈጥናል፣ በሩቅ ግን ቶሎ ይደክማል።

ደግሞም አየሩ የጋራ ነው። ከሩቅ ክፍል ያለው ስልክ በዝግታ ሲቀበል ጊዜውን ይወስዳል፤ በሣጥኑ አጠገብ ያሉትም ተራቸውን ይጠብቃሉ። ስለዚህ የአንዱ ድካም ለቤቱ ሁሉ ይተርፋል።

ፍጥነት ሲያንሳችሁ ገንዘብ ከመጨመራችሁ በፊት ይህን ፈትኑ። ስልኩን ይዛችሁ ከሣጥኑ አጠገብ ቁሙ። በዚያ ፈጥኖ በመኝታ ክፍል የሚዘገይ ከሆነ ጉድለቱ ከቤታችሁ ነው፤ በዚያም የሚዘገይ ከሆነ ከውጭ በሚመጣው መሥመር ሳይሆን አይቀርምና ያን ጊዜ አገልግሎት ሰጪውን ጠይቁ።

ልጅቱ ሣጥኑን አውጥታ በቤቱ መካከል ከፍ ካለ ስፍራ አኖረችው። ወንጌል ስለ መብራትና ስለ ዕንቅብ የሚያስተምረውን እየሰማን ያደግን ሰዎች ይህን ሳናስብ መቅረታችን ያስደንቃል። አባት ወደ ቀድሞው ክፍያ ተመለሱ። ልጅቱ ወደ ሰመራ በተመለሰች በማግሥቱ ማታ እናት ፊቷን አጥርተው አዩ፤ ልጃቸውን ያለ በደሏ እንደ ወቀሱም ነግረዋት ይቅርታ ጠየቋት።

እኛም በቤታችን ቃል ሲቆራረጥ የሰውን ልብ ከመጠርጠራችን በፊት በመካከል የቆመውን ግድግዳ እንመርምር።